ቀላል ያደረገው ኦቨኑ ነው፦ የጀርመን ፓንኬክ ታሪክ

ሁለት እንቁላል፣ ግማሽ ኩባያ የፉርኖ ዱቄት፣ ግማሽ ኩባያ ወተት። እነዚህ አንድ ላይ ይመታሉ፤ ቅቤ በቀለጠበት የጋለ የብረት መጥበሻ ላይ ይፈስሳሉ፤ መጥበሻው እንዳለ ወደ ኦቨን ይገባል። ሃያ ደቂቃ ገደማ ሲሞላ ጠርዙ ከመጥበሻው አፍ በላይ ተነሥቶ ወርቅማ ቡናማ መልክ የያዘ፣ መሐሉ ለስላሳ የሆነ አንድ ትልቅ ፓንኬክ ይወጣል። ሎሚ ይጨመቅበታል፤ የተፈጨ ስኳር ይነሰነስበታል። አሜሪካውያን «የጀርመን ፓንኬክ» ወይም «ደች ቤቢ» የሚሉት፣ እሑድ ረፋድ ላይ ቁርስንና ምሳን አንድ አድርጎ በሚቀርበው የብራንች ማዕድ የተወደደው ምግብ ይህ ነው። ስለ ምግብ የሚጽፉ ሰዎች ስሙን ሲያነሡ «ቀላል» የምትለውን ቃል ከአጠገቡ አይለዩአትም። እኔ ግን ይህ ቅለት ራሱ ታሪክ አለው እላለሁ። ሊጡ የብዙ መቶ ዓመታት ዕድሜ ሲኖረው ቅለቱ የመጣው በቅርቡ ነው። ያመጣውም በተራ ሰው ቤት የገባው፣ ሙቀቱ በቁጥር የሚታዘዘው ዝግ ኦቨን ነው፤ የአንድ አገር ሕዝብ ወይም የአንድ ምግብ ቤት ባለሙያ ብቻውን አመጣው ማለት ማስረጃው አይፈቅድም። በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

አስቀድሞ ፓንኬኩ እንዴት እንደሚነሣ መረዳት ያስፈልጋል፤ ክርክሩ ሁሉ የሚቆመው በዚህ ላይ ነውና። በሊጡ ውስጥ እርሾ የለም፤ ቤኪንግ ፓውደርም የለም። የሚያነሣው እንፋሎት ነው። ውሃ ወደ እንፋሎት ሲለወጥ ከ1,600 እጥፍ በላይ ይሰፋል። ቀጭኑ ሊጥ ከጋለው ብረት ጋር እንደተገናኘ ከታች ያለው ውሃ ወዲያው ይፈላል፤ እንፋሎቱም መውጫ ሲፈልግ ሊጡን ወደ ላይ ይገፋዋል። በዚያው ጊዜ ከላይና ከጎን የሚመጣው ሙቀት የእንቁላሉን ፕሮቲንና የዱቄቱን ስታርች አጽንቶ ግድግዳ ይሠራለታል። የእንቁላል ነጭ ከ60 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ትንሽ አለፍ ሲል መርጋት ይጀምራል፤ አስኳሉ ጥቂት ዘግይቶ ይከተለዋል። ስለዚህ ኦቨኑ ቀዝቀዝ ያለ እንደሆነ ሊጡ ሳይነሣ ቀስ ብሎ ይረጋና ጥቅጥቅ ብሎ ይቀራል። ከልክ በላይ የጋለ እንደሆነ ደግሞ መሐሉ ሳይበስል ጠርዙ ያራል። ሁለቱ የሚታረቁት 220 ዲግሪ አካባቢ ባለ ጠባብ መስመር ላይ ነው። እንጀራ ከሥር በሚነድ እሳትና በአክንባሎ በታፈነ እንፋሎት ይበስላል፤ ይህኛው ግን ሙቀቱ ከታችም ከላይም ከጎንም በአንድ ጊዜ እንዲመጣለት ይፈልጋል። ክፍት እሳት ላይ የተጣደ መጥበሻ ይህን ሊሰጠው አይችልም፤ የቱንም ያህል ጎበዝ ባለሙያ ብትቆምበት ጠርዙ አይነሣም። ከተነሣም በኋላ ዕድሜው አጭር ነው፤ ከኦቨን ሲወጣ በውስጡ ያለው እንፋሎት ወደ ውሃ ይመለሳል፣ ፓንኬኩም በጥቂት ደቂቃ ውስጥ መሐሉ ይሰምጣል።

ወደ ጀርመን ስንሻገር የምናገኘው ሌላ ነገር ነው። በጀርመንኛ ተናጋሪው ዓለም ፓንኬክ ከጥንት ጀምሮ የመጥበሻ ምግብ ነው። በርሊን አካባቢ «አየርኩኸን»፣ በብዙ ሌሎች ክፍለ አገሮች «ፕፋንኩኸን»፣ በኦስትሪያ «ፓላቺንከን» ይባላል፤ እሳት ላይ ይጠበሳል፣ ይገለበጣል፣ ይበላል። በንጉሠ ነገሥት ፍራንስ ዮሴፍ ዘመን ስም ያወጣው የኦስትሪያው «ካይዘርሽማርን» እንኳ፣ እንቁላሉ በዝቶ የሚያብጥ ቢሆንም፣ መጥበሻው ውስጥ ተቆራርጦ የሚቀርብ ነው። በ19ኛው ክፍለ ዘመን በጀርመን ቤቶች እጅግ የተሰራጨው የሄንሪየተ ዳቪዲስ «ተግባራዊ የምግብ መጽሐፍ» ጥሩ ምስክር ይሆነናል። መጀመሪያ የታተመው በ1840ዎቹ አጋማሽ ሲሆን ፓንኬኮቹን በአንድ ወገን፣ በኦቨን የሚጋገሩትንና «አውፍላውፍ» የሚባሉትን በሌላ ወገን ለይቶ ያስቀምጣል። ለዘመኑ ባለሙያ ሁለቱ አንድ ቤተሰብ አልነበሩም ማለት ነው። ለዚህም በቂ ምክንያት ነበራት፤ ኦቨን በብዙው ሰው ቤት ውስጥ የሚገኝ ነገር አልነበረም። በብዙ የጀርመን መንደሮች ዳቦ የሚጋገረው «ባክሃውስ» በሚባል የጋራ መጋገሪያ ቤት ነበር። እሳት መንደሩን እንዳይፈጀውና ማገዶ እንዳይባክን ተብሎ መጋገሪያው ከመኖሪያ ቤት ተለይቶ ይሠራል፤ መንደርተኛውም በየተራው ይጋግርበታል። አንዲት ፓንኬክ ለማብሰል ብሎ ያን ትልቅ የጡብ ምድጃ የሚያነድ ሰው አይኖርም። ስለዚህ ፓንኬኩ ጀርመናዊ ነው የሚለው አባባል ግማሽ መንገድ ያደርሰንና ይቆማል፤ ሊጡን ይሰጠናል፣ የተነሣውን ጠርዝ ግን አይሰጠንም።

ዝግ ምድጃ ወደ ቤት የገባበት መንገድ ራሱ በአሜሪካና በጀርመን መካከል የተመላለሰ ነው፤ ይህ የታሪኩ ክፍል ከሁሉም ይልቅ ሊነገር የሚገባው ይመስለኛል። ቤንጃሚን ቶምፕሰን በ1753 በማሳቹሴትስ ተወለደ። በአሜሪካ የነጻነት ጦርነት ከእንግሊዝ ወገን ስለቆመ አገሩን ለቆ ወጣ፤ በ1780ዎቹ በባቫሪያው ገዥ አገልግሎት ገባ፤ በኋላም ካውንት ራምፎርድ ተባለ። በሙኒክ ለድሆች በተቋቋመው የሥራ ቤት ለብዙ ሕዝብ ሾርባ ማብሰል ስለነበረበት የማገዶ ነገር የዕለት ጭንቀቱ ሆነ። ክፍት እሳት ሙቀቱን ለጭስ ማውጫው እንደሚገብር በልኬት አሳየ፤ እሳቱን በጡብ ከበበ፤ አየር የሚገባበትን ቀዳዳ እንደ አስፈላጊነቱ እንዲከፈትና እንዲዘጋ አደረገ። ለሥጋ መጥበሻ ብሎ በጡብ ውስጥ የቀበረው የብረት ሲሊንደርም ውቅያኖሱን ተሻግሮ በኒው ኢንግላንድ ባለጸጎች ቤት ተገጠመ። ቀጥሎ የመጣው በብረት የተቀዳው ምድጃ ነው። በኦሃዮ የኦበርሊን ኮሌጅ መሥራቾች አንዱ የሆነው ፊሎ ስቱዋርት በ1834 የባለቤትነት መብት ያወጣበት ምድጃ ከላይ ድስት ይጣድበታል፣ በሆዱም ኦቨን ይዟል። እንዲህ ያሉ ምድጃዎች በ19ኛው ክፍለ ዘመን ውስጥ በብዙ የአሜሪካ ቤቶች ተተከሉ። በዚያው ክፍለ ዘመን ከአምስት ሚሊዮን በላይ ጀርመናውያን ወደ አሜሪካ ገቡ። የዳቪዲስ መጽሐፍም ተከትሏቸው በ1879 በሚልዋኪ «በአሜሪካ ላሉ ጀርመናውያን» ተብሎ ታተመ። በመንደሯ መጥበሻ በእጇ፣ ኦቨን ግን ከቤቷ ውጭ የነበረባት ሴት በአዲሱ አገሯ ሁለቱን በአንድ ዕቃ ላይ አገኘች። የጋለውን መጥበሻ ከላይ አንሥታ ወደ ታች ለመክተት የአንድ ክንድ እንቅስቃሴ ብቻ ነበር የሚያስፈልጋት። የብረት መጥበሻውም በቅርቧ ነበር፤ በፔንሲልቬኒያ ኢሪ ከተማ የግሪስወልድ ፋብሪካ ከ1865 ጀምሮ፣ በቴኔሲ ደግሞ በ1896 የተቋቋመው የሎጅ ፋብሪካ እጀታው እሳት የማይፈራ መጥበሻ ይቀዱ ነበር።

ለዚህ አሳብ ከሚነሡት ተቃውሞዎች ከባዱ ከእንግሊዝ የሚመጣው ነው። ዮርክሻየር ፑዲንግ በእንቁላል፣ በዱቄትና በወተት የሚሠራ፣ በጋለ ስብ ላይ የሚፈስስ፣ በእንፋሎት የሚነሣ ምግብ ነው፤ ከጀርመን ፓንኬክ ጋር ሲተያይ ወንድሙ ነው። አሠራሩ በ1737 በእንግሊዝ መጽሐፍ ታትሟል፤ በ1747 ደግሞ ሃና ግላስ ዛሬ በሚጠራበት ስሙ ጻፈችው። ያን ጊዜ በብዙው ቤት ዝግ ኦቨን አልነበረም፤ ፑዲንጉ የሚበስለው ክፍት እሳት ፊት ነበር። ታዲያ ኦቨን ሳይኖር ከተሠራ ኦቨኑን ምን አስነሣው? ግላስ ራሷ የምትሰጠው መመሪያ መልሱን ይዟል። ሊጡ እንደ ፓንኬክ ሊጥ እንዲሆን ታዛለች፤ ስብ በፈላበት ድስት ውስጥ እንዲፈስስና እሳት ላይ እንዲበስል፣ ከዚያም እሳቱ ፊት በሚጠበሰው ሥጋ ሥር እንዲቀመጥና የሚንጠባጠበውን ስብ እንዲጠጣ ታደርጋለች። ፑዲንጉ በሥጋው እሳት ላይ ተደርቦ የሚኖር ጥገኛ ነበር። ትልቅ ሥጋ ለሰዓታት ካልተጠበሰ፣ ለዚያም የሚሆን ማገዶ ካልነደደ ፑዲንግ የለም። በዚያ መንገድ የሚገኘውም ዛሬ ከምናውቀው ይልቅ ዝርግ ነበር። የእንግሊዝ ሮያል የኬሚስትሪ ማኅበር በ2008 ዮርክሻየር ፑዲንግ ቢያንስ አራት ኢንች፣ ማለትም አሥር ሴንቲ ሜትር ያህል ካልቆመ ስሙን አያገኝም ሲል የደነገገው ልክ የጋለ ኦቨን ልጅ ነው። እንግሊዞች የሊጥና የጋለ ስብን ምሥጢር ቀድመው ማወቃቸውን ያለ ጥርጥር እቀበላለሁ። አንዲት እናት ማለዳ ተነሥታ ያለ ሥጋ፣ ያለ ረጅም እሳት ለልጆቿ የምትሠራው ቀላል ምግብ ግን ከዚያ እሳት ፊት አልወጣም።

ሁለተኛው ተቃውሞ ከሰሜን ይመጣል። ፊንላንዳውያን «ፓኑካኩ»፣ ስዊድናውያን «ኡንስፓንካካ» የሚሉት በኦቨን የሚጋገር ፓንኬክ አላቸው። በፊንላንድ ሐሙስ ሐሙስ ከአተር ሾርባ በኋላ መብላቱ እስከ ዛሬ የዘለቀ ልማድ ነው። ይህ ምግብ የአሜሪካን ፋብሪካም የስደተኛ መርከብም አልጠበቀም። ነገር ግን የፊንላንድን ገበሬ ቤት ውስጡን ስናይ ተቃውሞው ወደ ማስረጃነት ይለወጣል። በዚያ ቤት ትልቁ የዳቦ ምድጃ ከመኖሪያው ክፍል ጋር አብሮ የተሠራ ነው፤ በረጅሙ የብርድ ወራት ቤቱን የሚያሞቀውም እርሱ ነው። ምድጃው በቤት ውስጥ ነድዶ ከዋለ ሊጡን በሰፊ መጋገሪያ አድርጎ መክተት ተጨማሪ ወጪ የለውም። ኦቨኑ ከመኖሪያው ጋር በተሠራበት አገር ፓንኬኩ ወደ ኦቨን ገባ፤ የጋራ መጋገሪያ ቤት ባለበት መንደር በመጥበሻ ላይ ቀረ። ውጤቱም ምድጃውን ይመስላል። ሰፊው መጋገሪያ ላይ የሚዘረጋው የሰሜኑ ፓንኬክ ወፍራም፣ በእንቁላልና በወተት የረጋ፣ በአራት ማዕዘን ተቆርጦ የሚታደል ነው፤ ግድግዳው ተነሥቶ እንደ ጎድጓዳ ሳሕን አይቆምም።

እንግዲህ «ጀርመን» የሚለው ስም ምን ቀረለት? የሚገባው ድርሻ አለው፤ ድርሻውንም ሁለት የአሜሪካ አሠራሮችን ጎን ለጎን አስቀምጦ ማየት ይቻላል። በ1896 የታተመው የፋኒ ፋርመር የቦስተን ምግብ ትምህርት ቤት መጽሐፍ «ፖፕኦቨር» ለሚባለው፣ ፓንኬኩን በእጅጉ ለሚመስለው ባዶ ሆድ ዳቦ ለአንድ ኩባያ ዱቄት ከአንድ ኩባያ ጥቂት ያነሰ ወተትና ሁለት እንቁላል ያዛል፤ ሊጡም እስኪንጫጫ በጋለ፣ ቅቤ በተቀባ የብረት ቅርጽ ውስጥ ይገባል። ክሬግ ክሌይቦርን በ1966 በኒው ዮርክ ታይምስ ያሳተመው የኦቨን ፓንኬክ ደግሞ ለግማሽ ኩባያ ዱቄትና ለግማሽ ኩባያ ወተት ሁለት እንቁላል ይላል። ዱቄቱ በግማሽ ቀንሶ እንቁላሉ እንዳለ ቀረ፤ በዱቄቱ ልክ ሲታይ እንቁላሉ እጥፍ ሆነ ማለት ነው። ይህ የእንቁላል ብዛት ከበርሊኑ «አየርኩኸን» ጋር ያዛምደዋል፤ መሐሉን ለስላሳ የሚያደርገውም እርሱ ነው። የጋለው ብረትና የእንፋሎቱ ጥበብ ደግሞ ከእንግሊዝና ከኒው ኢንግላንድ ወገን ያለ ነው። ሁለቱ የተጋቡት አንዱ ስደተኛ የሌላውን ጎረቤት ማጀት ባየበት አገር ነው። የጋብቻውን ቀን የመዘገበ የለም፤ ካጋቡትም ውስጥ ብዙዎቹ ስማቸው ያልተጻፈ ሴቶች መሆናቸውን ለመገመት ድፍረት አያስፈልግም።

ኦቨኑን ትተህ ግብዓቱን ተመልከት የሚልም ይኖራል። አባባሉ ክብደት አለው። እንቁላል ለረጅም ዘመን የወቅት ምግብ ነበር፤ ቀኑ ሲያጥር ዶሮ መጣል ትቀንሳለች፣ ዋጋውም ይሰቀላል። በካሊፎርኒያ ፔታሉማ ላይማን ባይስ በ1879 ያስተዋወቀው የጫጩት መፈልፈያ ማሽን ከተማዋን በእንቁላል ስሟ የገነነ አደረጋት፤ የአሜሪካ ምዕራብ ዳርቻም እንቁላል የጠገበ ገበያ አገኘ። ነጩ ስስ ዱቄትም እንዲሁ በ1870ዎቹና 1880ዎቹ የሚኒያፖሊስ ወፍጮዎች ከድንጋይ ወደ ብረት ጥቅል ሲዞሩ ረከሰ። እነዚህ ሁለቱ ባይኖሩ ኖሮ ፓንኬኩ የባለጸጋ ምግብ ሆኖ ይቀር ነበር። ይሁን እንጂ ርካሽ እንቁላልና ነጭ ዱቄት ኬኩንም፣ ኦምሌቱንም፣ ተራውንም ፓንኬክ እኩል አገልግለዋል፤ መጥበሻው ለምን ወደ ኦቨን እንደገባ አይነግሩንም። ይልቁንስ ያልገባው ግብዓት ይበልጥ ይናገራል። የአሜሪካን ፓንኬክ ወፍራምና ስፖንጅ መሳይ ያደረገው ቤኪንግ ፓውደር ነው፤ ከአባቶቹ አንዱ የሆነው ኢበን ሆርስፎርድ በጀርመን ጊሰን በዩስቱስ ፎን ሊቢኽ ዘንድ የተማረ አሜሪካዊ ሲሆን በ1856 የባለቤትነት መብቱን ወስዷል፤ ያቋቋመው ኩባንያም በዚያው በካውንት ራምፎርድ ስም ተጠርቷል። በጀርመን አገር ፋርማሲስቱ አውጉስት ኦትከር በ1890ዎቹ የራሱን ዱቄት (ቤኪንግ ፓውደር) በትንንሽ ከረጢት ለቤት እመቤቶች መሸጥ ጀመረ። በሁለቱም አገር ቤኪንግ ፓውደሩ በእያንዳንዱ ማጀት መደርደሪያ ላይ ተቀምጦ ሳለ የኦቨኑ ፓንኬክ ሳይነካው አለፈ። የሚያነሣውን ኃይል ከቤኪንግ ፓውደር ሳይሆን ከኦቨኑ ስለሚያገኝ አላስፈለገውም።

የብረቱ ምድጃ ግን ቅለትን በአንድ ጊዜ አላመጣም። እንጨት ወይም ከሰል የሚበላ ኦቨን ሙቀቱ በማገዶው ዓይነት፣ በነፋሱ፣ በጭስ ማውጫው ንጽሕና ይለዋወጣል። የ19ኛው ክፍለ ዘመን መጻሕፍት «ፈጣን ኦቨን»፣ «መካከለኛ ኦቨን»፣ «ዝግተኛ ኦቨን» እያሉ ይጽፉ ነበር። ባለሙያዋ እጇን ወደ ውስጥ አስገብታ ምን ያህል እንደምትችል ትቆጥራለች፤ ወይም ወረቀት አስቀምጣ ምን ያህል ፈጥኖ እንደሚጠቁር ታያለች። ፋርመር እንኳ፣ ኩባያንና ማንኪያን ልሙጥ አድርጎ መለካትን ለአሜሪካ ያስተማረችው ሴት፣ ለፖፕኦቨሯ «የጋለ ኦቨን» ከማለት አላለፈችም። ለዳቦ ይህ ይበቃል፤ ዳቦ ይቅር ባይ ነው። ከ220 ዲግሪ ብዙ ሲርቅ ለሚወድቅ ሊጥ ግን የእጅ ግምት የሰለጠነ እጅ ይጠይቃል፤ የሰለጠነ እጅ የሚጠይቅ ነገር ደግሞ ቀላል አይባልም። እንግሊዛዊው ጄምስ ሻርፕ በ1826 የጋዝ ምድጃ መብት ቢያወጣም ጋዝ በብዙ ቤት የገባው ከግማሽ ክፍለ ዘመን በኋላ ነው። መፍትሔው የመጣው በ1910ዎቹ የአሜሪካ ምድጃ ሠሪዎች ሎሬን የተባለውን የሙቀት መቆጣጠሪያ በኦቨን ላይ ሲገጥሙ፣ በብሪታንያም በ1923 «ሬጉሎ» የተባለው ሲወጣ ነው። ቁልፉን ወደሚፈለገው ቁጥር ማዞር በቂ ሆነ፤ ጋዙ ራሱ እየቀነሰና እየጨመረ ሙቀቱን ይጠብቃል። የእናት ወደ ልጅ የእጅ ትምህርት የነበረው ነገር በገጽ ላይ ሊታተም የሚችል አኃዝ ሆነ። የጀርመን ፓንኬክ ለማንም የሚሆን ቀላል ምግብ የሆነው በዚህ ሰዓት ነው ብዬ አምናለሁ።

በዚህ መካከል የሲያትሉ ምግብ ቤት ስም ይነሣል፤ ብዙ ጸሐፊዎች ታሪኩን የሚጀምሩትም የሚጨርሱትም እዚያ ነው። ሲያትል በ1897 የክሎንዳይክ ወርቅ ፈላጊዎች የሚጎርፉባት፣ በ1909 ደግሞ ዓለም አቀፍ ኤግዚቢሽን ያስተናገደች፣ ምግብ ቤት የሚያበላት ከተማ ነበረች። በዚያች ከተማ በቪክቶር ማንካ ባለቤትነት የሚተዳደረው ማንካስ ካፌ በ20ኛው ክፍለ ዘመን የመጀመሪያ አጋማሽ «ደች ቤቢ» ያለውን ያቀርብ ነበር፤ ትንንሽ ሦስት ፓንኬኮች በሎሚና በተፈጨ ስኳር። ይህን ያስተላለፈልን የምዕራቡ ዳርቻ መጽሔት ሰንሴት ነው። ስሙን ያወጣችው «ዶይች» (በጀርመንኛ «ጀርመናዊ») ማለት ያቃታት የባለቤቱ ልጅ ናት ይባላል፤ ካፌውም በ1942 የንግድ ምልክቱ የእኔ ነው ሲል ተናግሯል። ይህን ሁሉ ብንቀበልም ካፌው የሚመሰከርለት ለስምና ለአቀራረብ ነው። የንግድ ምልክት ምግብ ለመፈጠሩ ማስረጃ አይሆንም፤ ማንም የንግድ ምልክት የሚያስፈልገው ሌላ ሰውም ሊሠራው የሚችለውን ነገር ለመለየት ነው። በአንደኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ አሜሪካውያን ሳወርክራውት የተባለውን የጀርመኖች ጎመን «የነጻነት ጎመን» እስከ ማለት ደርሰው እንደነበር ስናስታውስ ደግሞ ጀርመን የሚለውን ቃል የማይጠራ ስም ለአንድ ምግብ ቤት ሰሌዳ የሚመች እንደነበር መገመት ይቻላል። ካፌው የሚገባውን ምስጋና ያግኝ፤ ምግቡን ከተማዋ እንድታውቀው አድርጓል። ሆኖም ካፌው በ1950ዎቹ ተዘግቶ ሳለ ፓንኬኩ አልሞተም፤ አንድ ሰው የፈጠረው፣ አንድ ቤት የያዘው ነገር ቢሆን ኖሮ አብሮ በጠፋ ነበር።

ለምን ብራንች ላይ ሥር ሰደደ የሚለው ጥያቄ ከዚህ ጋር የተያያዘ ነው። የብራንችን አሳብ በጽሑፍ ያቀረበው እንግሊዛዊው ጋይ ቤሪንገር ነው፤ በ1895 «ሀንተርስ ዊክሊ» በተባለ መጽሔት ላይ እሑድ ሰው እንደልቡ ተኝቶ ይነሣ፣ ከዚያም አንድ የደስታ ማዕድ ይኑር ሲል ተከራከረ። በቤሪንገር ዘመን እንዲህ ያለ ማዕድ የሚያስብ ሰው ማጀቱ ውስጥ ምግብ የምታበስል ሠራተኛ ነበረችው። አሳቡ መካከለኛ ገቢ ወዳላቸው የአሜሪካ ቤቶች ሲዛመት ግን አብሳይዋና አስተናጋጇ አንዲት ሴት ናት፤ እርሷም የቤቱ እመቤት ናት። ተራ ፓንኬክ ለስድስት ሰው መሥራት ማለት ሌላው ሲበላ ምድጃው ፊት ቆሞ አንድ በአንድ መገልበጥ ማለት ነው፤ የመጀመሪያው ሰው ጨርሶ ሲነሣ የመጨረሻው ገና ይጠብቃል። የኦቨኑ ፓንኬክ ግን ከገባ በኋላ ማንም እንዲነካው አይፈልግም፤ እንዲያውም በሩን ደጋግሞ የከፈተ ይጎዳዋል። ሃያው ደቂቃ ቡና ለማፍላትና ገበታ ለማሰናዳት ይበቃል፤ ሲወጣም ሁሉም በአንድ ጊዜ፣ ያበሰለችውም ጭምር፣ ይቀመጣሉ። ስለ ምግብ ታሪክ ስንጽፍ የጣዕሙንና የትውልዱን ነገር አብዝተን፣ ማን ቆሞ ማን እንደተቀመጠ የምናሳንሰው ነገር ያሳዝነኛል። ይህ ፓንኬክ በብዙ ቤት የተወደደው ያበሰለውን ሰው ከገበታው ስላልለየ ነው።

ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ያለው ታሪክ ይህንኑ ይደግፋል። በ1953 ሌስ ሃይየት እና ኤርማ ሁኔከ በፖርትላንድ ኦሬገን «ኦሪጅናል ፓንኬክ ሃውስ»ን ከፈቱ፤ የጀርመን ፓንኬክና ደች ቤቢ በሰሌዳው ላይ ጎን ለጎን ተቀመጡ፣ ቤቱም ቅርንጫፎች አፍርቶ ምግቡን በመላ አሜሪካ አዳረሰ። ለምግብ ቤት ግን ይህ አስቸጋሪ ሸቀጥ ነው። አስቀድሞ ጋግሮ ማቆየት አይቻልም፤ ደንበኛው ካዘዘ በኋላ ረጅም መጠበቅ አለበት፤ ከኦቨን እስከ ገበታ ያለው መንገድ በረዘመ ቁጥር ጠርዙ እየወረደ ይመጣል። በቤት ውስጥ ማጀቱና ገበታው በጥቂት እርምጃ ስለሚራራቁ ይህ ችግር የለም። ክሌይቦርን ፓንኬኩን ያገኘውም በምግብ ቤት አልነበረም፤ በሃዋይ ሆኖሉሉ በዴቪድ አየር ቤት ቀርቦለት ነው፤ በጋዜጣው ሲያወጣውም በአስተናጋጁ ስም «የዴቪድ አየር ፓንኬክ» አለው። አሠራሩ እጅግ አጭር ነው፤ ሁለት እንቁላል፣ ዱቄትና ወተት፣ ትንሽ ገውዝ፣ አራት የሾርባ ማንኪያ ቅቤ፣ ከዚያም ስኳርና ሎሚ። ሊጡ ጥቂት ቢጓጉል ግድ የለም ይላል። ስለ ሙቀቱ ግን አንድ ቁጥር ብቻ ይሰጣል፦ 425 ዲግሪ ፋራናይት፣ በሴንቲግሬድ 218 ያህል። እጅ ማስገባት፣ ወረቀት ማጥቆር፣ ከሰል መቆስቆስ የሚል ቃል የለበትም። ጸሐፊው አንባቢዎቹ ሁሉ በቁጥር የሚያዝዙት ኦቨን በቤታቸው እንዳላቸው አውቆ ነው የጻፈው፤ አንባቢዎቹም አሠራሩን ከጋዜጣው ቆርጠው ለዓመታት አስቀመጡት።